የባሕር እድር ቀሪዎች

ባሕራችን ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ነው። የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ፣ ድሮ ሶፋው በነበረበት ቦታ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ከጓዳ እናወጣለን። ስሜ ትርንጎ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ። አንኮበር ተወልጄ አንኮበር ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ከዚህ ባሕር ሌላ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ፊቴን ሳልታጠብ ጣቴን ነክሬ ውሃውን እቀምሳለሁ። የጨው መለኪያ መሣሪያ አለን፤ ግን የአንኮበር ሴት በመሣሪያ ጨው ለካች ከተባለ ስሟ ጠፋ ማለት ነው። ምላሴ ካልወደደው ከአፍዴራ ጨው አንድ ጭልፋ በጥብጬ እጨምራለሁ። ማሞቂያውን አያለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ ገንዳው ውስጥ የምትኖረውን የባሕር እንስሳ፣ መርጃኗን፣ አበላለሁ። ለባሌ ለደምሰው ቁርስ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለው ነበር። አሁን እሱም "መርጃኗ በላች?" ሳይል አይቀመጥም።

ሳሙና ውሃውን ስለሚመርዝ ከቤታችን ከወጣ ቆይቷል። ቅቤ የተቀባ ሰው ሳሎን አይገባም። የእህቴ ልጅ ስታገባ ሽቶ ተቀብታ መጥታ፣ እኔ በመስኮት እሷ በደጅ ሆነን ነው የመረቅኳት። እንዲህ ያለ ሳሎን ያለን፣ በዚህ በ2078 ዓ.ም.፣ ሠላሳ ሰባት ቤቶች ነን። ትልቁ ባሕር ሲሞቅ የቆላው ሰው ወደ ደጋ ወጣ፣ ወባውም ተከትሎ ወጣ፣ ከሁሉ ኋላ መርጃኑ ወጣ። "ውሃ ማሞቅ ቀላል ነው፤ ማቀዝቀዝ ነው ያቃተን" ይላሉ ጋሽ ሁመድ። አያቶቻችን ሲራገሙት የኖሩት ብርድ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ጋሽ ሁመድ የመርጃኗ ባለቤት ናቸው። አፋር ናቸው፣ በታጁራ ባሕር ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአልዩ አምባ በኩል፣ ድሮ የጨው ግመል በሚወጣበት መንገድ፣ ሰማያዊ በርሜል በፒካፕ ጭነው መጡ። ከበርሜሉ ያወጡት መዳፍ የምታክል ቡናማ ድንጋይ ነበረች። እኔ የጠበቅሁት አበባ ነው፤ ቅር አለኝ።

"ይሄ ድንጋይ ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ጠብቂ" አሉኝ።

ገንዳው ውስጥ አስቀምጠዋት ሻይ ጠጣን። ሻዩን ሳንጨርስ በድንጋዩ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ትንንሽ አፎች መከፈት ጀመሩ። አሥር አይደሉም፣ መቶ አይደሉም። እያንዳንዱ አፍ ዙሪያውን ጣት አለው፣ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዱ ሌላውን እየነካ ሁሉም ይነቃል። የሻይ ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። እስካሁን ወለሉ ላይ ምልክቱ አለ።

የሰጡኝ በርቢ ነው። ርቢ ያው የከብቱ ርቢ ነው። እናቲቱ የባለቤቷ ናት፣ አርቢው ያረባል፣ ከተወለደው እኩል ይካፈላሉ። "የኔ እኩሌታ የባሕሩ ነው" አሉ ጋሽ ሁመድ፤ "ወስጄ እመልስለታለሁ። ይቺ ከአባቴ መንደር ፊት ለፊት የቀረች ናት። ሌላው ሁሉ ነጥቶ አልቋል።" ከዚያ እጄን ይዘው "አደራ" አሉኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፤ በዚያ ቃል የታሰርኩ ሴት ነኝ።

ታዲያ መርጃኗ አደገች እንጂ አልወለደችም። ቅርንጫፏን ቆርጠን ብንተክለው ይበቅላል፤ ጋሽ ሁመድም እየወሰዱ ባሕር ውስጥ ይተክሉታል፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ሲመጣ ይነጣና ይሞታል። ቆርጦ ማባዛት መውለድ አይደለም። እኔን ቆርጠው ቢተክሉኝ የሚበቅለው ያው ትርንጎ ነው፣ ያው ጉልበቷን የሚያማት። ሙቀቱን የሚችል ልጅ የሚገኘው ከሁለት ወላጅ ነው። የኔዋ ዓይነት የሆነችው ሁለተኛዋ ደግሞ ከዚያው ከታጁራ፣ ከሌላኛው ወገን የመጣችው መርጃን፣ ከኔ ቤት አራተኛው ግቢ፣ እትዬ ማንያህልሻል ቤት ናት።

የካቲት ላይ ጋሽ ሁመድ መጡና ከኔዋ ጥፍር የምታክል ሰብረው በማጉያ አዩ። ወዲያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ደነገጥኩ፣ የልብ ሕመም መስሎኝ።

"አርግዛለች" አሉ።

ማጉያውን ተቀብዬ አየሁ። በተሰበረው ቦታ ከቆዳዋ ሥር ሮዝ ፍሬ ሞልቷል፤ ሰሊጥ ከማከል ያነሰ። የእትዬ ማንያህልሻልንም ሄደው አዩ፤ እሷም አርግዛለች። በአሥራ አራት ዓመት ሁለቱ አንድ ላይ ሲያረግዙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ሚያዝያ ጨረቃ ከሞላች በኋላ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ እንደገባች ነው" አሉኝ። "አንድ ምሽት ብቻ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በጀልባ አይቼዋለሁ። ባሕሩ ዓይንሽ እስከሚያይበት ድረስ ሮዝ ሆነ። አባቴ መቅዘፉን ተወና ኮፍያውን አወለቀ።" ማጉያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። "ካመለጠን ዓመት መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ትርንጎ።"

አሁን ስለ እድራችን ልናገር። መርጃን ያለን ሰዎች የባሕር እድር አለን። ሕጉ አጭር ነው፦ የአባል መርጃን ከታመመ በሦስት ቀን ውስጥ ሄዶ መጠየቅ። ሄዶ መጠየቅ ማለት ደግሞ ከበር ላይ "ይማርልሽ" ብሎ መመለስ አይደለም። ሳሎን ይገባል፣ ገንዳው ዳር ይቆማል፣ ጣት ተነክሮ ይቀመሳል፣ "ጨውስ ደህና ነው፣ እግዜር ይማራት" ይባላል። ያልቀመሰ ተጸየፈ ይባላል። ያልመጣ ስሙ በቀሪ መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ቀሪ የሆነን ሰው በአደባባይ ስሙን ጠርቼ አሳፍራለሁ፤ በዚህ የታወቅኩ ነኝ። ምላሴ ረጅም ነው፣ አልክድም።

በመጋቢት መጀመሪያ የአቶ ሸዋረጋ መርጃን ታመመች። ከሥሯ ነጭ ቀለበት ወጣባት። ቀለበቱ በቀን አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ይወጣል፣ ባለፈበት ቆዳው እየተላጠ አጥንቱ ይቀራል። ባሕሩን የጨረሰው ዓይነት ንጣት አይደለም። ያ በሙቀት ነው፤ መርጃኑ ከነነፍሱ ይነጣል፣ ቢበርድለት ሊድን ይችላል። ይሄኛው የሄደበትን አይመልስም። አገሩ ሁሉ ለጥየቃ ወጣ። እኔ ጉልበቴ አብጦ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ደምሰውም እኔን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ አልሄደም። በሕጉ መሠረት የራሴን ቤት በገዛ እጄ "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንዳንገበገበኝ!

ከሳምንት በኋላ አራት ቤት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥራ አንድ ቤት። እድሩ ከጥየቃ ጥየቃ መሮጥ ሆነ። ማን የት እንደሄደ በስልክ እየነገሩኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ መዝገቡን እሞላለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ የታመሙትን ቤቶች በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያመማቸው አቶ ሸዋረጋን በመጀመሪያው ቀን የጠየቁት ናቸው። ቀጥሎ እነሱን የጠየቁ። ቀጥሎ እነዚያን የጠየቁ። ገጹን ገልብጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀሪ የሆኑትን አየሁ። ስድስት ቤት ናቸው፣ አንዱ የኔ። ስድስቱም ቤት መርጃኑ ደህና ነው።

እነዚህን ሰዎች ነው "ሰው አይደላችሁም" ብዬ የሰደብኩት። በሽታውን በጣታችን ይዘን ከቤት ቤት የዞርነው እኛው ነን፤ ስንዞር የኖርነውም "እግዜር ይማራት" እያልን ነው።

ወዲያው ለሁሉም ደወልኩ። ጥየቃ ይቁም፣ ጣት አይነከር አልኩ። አንዳንዱ ስልኩን ዘጋብኝ። አንዳንዱ "ትርንጎ ጉልበቷ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷም አመማት" አለ። እትዬ ማንያህልሻል ስልኩን አላነሱም፤ በማግስቱ በአካል መጡ።

እትዬ ማንያህልሻልን ለማታውቁ፦ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ከቁንዲ ተራራ ማዶ ይሰማል፣ ከታመሙት አሥራ አንድ ቤቶች ሳይጠይቁት የቀረ የለም። እናቴ ስትሞት አርባ ቀን ሙሉ አጠገቤ የተኙ ሴት ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለሳቸው ነው። ጉልበቴን ሊጠይቁ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ በሩን ገፋ አድርገው ሊገቡ ሲሉ፣ እኔ በመስኮት ብቅ አልኩ።

"እትዬ፣ በማርያም ከዚያው ይመለሱ።"

"ምን አልሽ?"

"አይግቡብኝ። ደውዬ ነበር እኮ። በእጃችን ነው የሚተላለፈው።"

"እኔ የመጣሁት አንቺን ልጠይቅ ነው። መርጃንሽን አልነካብሽም።"

"ከገቡ ማየትዎ አይቀርም። ካዩ መቅመስዎ አይቀርም። እኔም እምቢ ማለት አልችልም፣ አውቀዋለሁ ራሴን።"

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፣ አገላብጠው አዩት።

"ይሄን እጅ ነው የምትጸየፊው? እናትሽን የገነዘ እጅ ነው እኮ።"

"እትዬ..."

"ተይው። እግዜር ይይልሽ።"

ፔርሙዙን በሩ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። ደምሰው አስገባው። ልጠጣው አልቻልኩም። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ የዚያን ቀን እንደ ልቤ ቢሆን ኖሮ መርጃኗ ገደል ትግባ ባልኩ ነበር። ግን ያ "አደራ" የሚል ድምፅ ነበረ።

በስድስተኛው ቀን የእትዬ ማንያህልሻል መርጃን ነጭ ቀለበት አወጣች። ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ቀርቷታል።

አገሩ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ ትርንጎ ትሄዳለች አትሄድም? አንደኛው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። መዝገቡን አወጣሁና ጻፍኩ፦ ትርንጎ፣ ቀሪ። ጉልበቴ ተሽሎኝ ነበር፣ ሰበብም የለኝም። ወደ ገበያ ስወጣ ሰላምታ ነሱኝ። ይበለኝ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

ጋሽ ሁመድ ከቆላ መጥተው እኛው ጋ አረፉ። ሌላ ማንም ቤት ሳይገቡ በስልክ ከእትዬ ማንያህልሻል ጋር ተነጋገሩ፤ የእትዬ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፣ ስልክ ባይኖርም ይሰማ ነበር።

"ነጩ ከደረሰበት ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ቁረጪ፤ የታመመውን ጣይው።"

"እርጉዝ ትቆረጣለች እንዴ ጋሽ ሁመድ? እግዜርስ ይወደዋል?"

"ካልቆረጥሽ ቀኑ ሳይደርስ ታልቃለች።"

እትዬ ማንያህልሻል "እሺ" አሉ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ። ቆረጡ። ቀለበቱ ተመልሶ መጣ። ደግመው ቆረጡ። የቀረችው ጡጫ የምታክል ናት።

ጨረቃ ከሞላች በአራተኛው ቀን ምሽት መብራት አጥፍተን ጠበቅን፤ ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ በአሥራ ሁለት ተኩል ገባች። ጋሽ ሁመድ በቀይ መብራት ገንዳው ላይ አጎንብሰው ነበር። አንድ ሰዓት ሲሆን በእጃቸው ጠሩኝ።

በእያንዳንዱ አፍ ላይ አንዳንድ ሮዝ ፍሬ ተቀምጧል። አልወጣም፣ አልገባም፤ ከንፈር ላይ ያለ ቃል ይመስላል። ሁሉም አፍ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደምሰው "እየጠበቁ ነው" አለ በሹክሹክታ። ማንን እንደሚጠብቁ እግዜር ይወቅ። ዓይን የላቸው፣ ጆሮ የላቸው፣ ባሕራቸውን አሥራ አራት ዓመት አላዩት። የጨረቃዋም ብርሃን የሚደርሳቸው በጣራው መስታወት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቀኗን ያውቃሉ።

ከዚያ አንዷ ለቀቀች። ፍሬዋ ቀስ ብላ ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ፤ ወደ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው ያየሁት። የገንዳው ፊት በሙሉ ሮዝ ሆነ። ጋሽ ሁመድ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በሳሎኔ ውስጥ፣ ሶፋ በነበረበት ቦታ፣ ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነገር ሲሆን አየሁ። ተንበረከክሁ፣ ያንን ጉልበቴን ይዤ።

"የሌላኛዋስ?" አለ ደምሰው።

ሦስታችንም ተያየን። ፍሬው ከተበተነ በኋላ ሁለት ሰዓት እንኳ ጊዜ የለንም። የሌላኛዋ ዘር ካልመጣ ይሄ ሁሉ ሮዝ ጠዋት ቆሻሻ ነው። ስልኩን አነሳሁ፤ ቁጥሩን ሳላገኝ፣ ድምፁ ከውጭ መጣ።

"ትርንጎ!"

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። እትዬ ማንያህልሻል በሩ ላይ ቆመዋል። በሁለት እጃቸው የመስታወት ማሰሮ ይዘዋል፣ አፉን በነጭ ጨርቅ አስረውታል። ከኋላቸው ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏቸዋል፤ በዚያ ሰዓት ማሰሮ ይዘው ሲሮጡ ያየ ማን ቤቱ ይቀመጣል?

"ወለደች" አሉ። "ያቺ ጡጫ የምታክል፣ ግማሽ ጎኗ አጥንት የሆነው... ወለደች ትርንጎዬ።"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እሳቸው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

"እንዳትነኪኝ!" አሉ። ማሰሮውን ፔርሙዙን ባስቀመጡበት በሩ ሥር አስቀመጡ። "የኔ እጅ ነክቶታል። አጥባችሁ ተቀበሉት።"

ጋሽ ሁመድ ፍሬውን በጨርቅ ወንፊት ሦስት ጊዜ በንጹሕ የጨው ውሃ አጠቡት። የኔዋንም ጨልፈው ወደ ሦስተኛ ገንዳ፣ ማንም ወዳልነካው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አፈሰሱት። በቀስታ አማሰሉት።

መስኮቱን ዞር ብዬ አየሁ። ከውጭ በኩል መስታወቱ ፊት በፊት ሆኗል። አቶ ሸዋረጋ አሉ፣ መርጃናቸው የሞተችባቸው። ሰላምታ የነሱኝ ሁሉ አሉ። አንድም ሰው በሩን አልገፋም። በማጉያው ሲያዩ የነበሩት ጋሽ ሁመድ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀና አሉ።

"ተከፈለ" አሉ። "አንዱ ፍሬ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አራት ሆነ። ይዟል።"

በመስኮቱ ጮኼ ነገርኳቸው። ከሴቶቹ አንዷ "ስንቴ ነው እልል የምንለው? ወንድ ነው ሴት?" አለች። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነው የኛ ወግ። ወደ ጋሽ ሁመድ ዞርኩ።

"እያንዳንዷ ወንድም ናት ሴትም ናት" አሉ እየሳቁ።

"እንግዲያው ሰባትና ሦስት አሥር!" አሉ እትዬ ማንያህልሻል ከኋላ፣ ራሳቸውም ጀመሩት። አሥር ጊዜ እልል ተባለ። ከዚያ በመስኮቱ አንድ በአንድ፣ ከሩቅ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ። ጋሽ ሁመድ "ማሻ አላህ" እያሉ ፊታቸውን በኮፍያቸው ይጠርጋሉ።

በሦስተኛው ቀን ፍሬዎቹ መዋኘት ጀመሩ። በስምንተኛው ቀን ሦስት መቶ አሥራ ስድስቱ ገንዳው ውስጥ ባስቀመጥንላቸው ሸክላ ላይ አረፉ፤ እያንዳንዱ አንድ አፍ ነው፣ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ግማሾቹ ክረምቱ ሲያልፍ ከጋሽ ሁመድ ጋር ወደ ታጁራ ይወርዳሉ። ስንቱ ሐምሌን ይችላል? አናውቅም። ጋሽ ሁመድ "አንድ ይበቃኛል" ይላሉ።

የእትዬ ማንያህልሻል መርጃን በወለደች በሁለተኛው ቀን ሞታ ነበር። የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። ሸክላው ላይ ማረፋቸውን ካየሁ በኋላ፣ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ባዶ ዕቃ አይመለስምና በፔርሙዛቸው አጥሚት ሞላሁበት። አራት ግቢ መንገድ አራት ቀን ሆነብኝ። በሩ ላይ ስደርስ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ከዚያው ተመለሺ!"

ይገባኛል፣ ዋጋዬ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ሐዘኑንም ልደርስ ነው። ቀሪ ሆኜ..."

"ምን ቀሪ ትይኛለሽ!" አሉ፣ ያ የቁንዲ ማዶ ድምፃቸው ተመልሷል። "በዘጠኝ ቀኗ ከቤት የምትወጣ አራስ የት አይተሻል? ብርድ ይምታሽ ወይስ በሽታዬን ይዘሽላቸው ልትሄጂ ነው? ሦስት መቶ ልጅ ጥለሽ! ግቢ ወደ ቤትሽ። በአርባ ቀኑ እኔ ራሴ እመጣለሁ።"

ፔርሙዙን በራቸው ሥር አስቀምጬ ዞርኩ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ እንደገና ጠሩኝ።

"ትርንጎ! ማንን ይመስላሉ?"

"ገና አፍ ብቻ ናቸው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው አንቺን ነው" አሉና መስኮቱን ዘጉ።